ጃኬቱ ቀድሞ ሄዶ ነበር፦ 21 ሯጮች ተራራ ላይ ስለቀሩበት ቀን

ሰው ይዤ ተራራ መውጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ወቅት አልመርጥም። ብርድ ሲሆንም፣ ዝናብ ሲሆንም፣ ሰማዩ ጥርት ሲልም እንወጣለን። አዲስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ "አሁን ለመውጣት ጥሩ ጊዜ ነው?" ድሮ "አዎ" ወይም "ትንሽ ቆዩ" ብዬ አልፈው ነበር። አሁን እንደዚያ አልመልስም። መልሴን የቀየረው አንድ አደጋ ነው።

አደጋው ሲደርስ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን የተረፉት የተናገሩትን፣ በጊዜው የወጡትን ዘገባዎችና የምርመራውን ውጤት ደጋግሜ ስላነበብኩ መንገዱን የማውቀው ያህል ይሰማኛል። ጉዳዩ ብዙ ተወርቶለት ተረስቷል። የተወራውም በአብዛኛው "ማን ይቀጣ" የሚለው ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የሰዎቹን ስም አላነሳም።

ዳራው

ቦታው ሰሜን ምዕራብ ቻይና ነው። ጋንሱ ግዛት ውስጥ፣ በባይዪን ከተማ ሥር፣ ጂንግታይ የሚባል ወረዳ አለ። ቢጫ ወንዝ በዚያ ያልፋል። አገሩ ደረቅ ነው፣ ንፋስና ውሃ የቀረጿቸው ረጃጅም የድንጋይ ዓምዶች ቆመውበታል። አካባቢውም የቢጫ ወንዝ የድንጋይ ደን ይባላል። እዚህ ከ2018 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ይካሄድ ነበር።

አራተኛው ውድድር ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 22 ቀን 2021። በ100 ኪሎ ሜትሩ 172 ሰዎች ተነሱ። ጀማሪዎች አልነበሩም። በአገሩ ስማቸው የታወቀ የረጅም ርቀት ሯጮች ነበሩባቸው፣ ተራራ ላይ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሮጡ።

ወሩ ሜይ ነው፣ እዚያ የጸደይ ማብቂያ። ደረቅ አገርና ሞቃት ወቅት ሲገጥሙ ሰው የሚፈራው ፀሐይን ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በቁምጣና በቀጭን ቲሸርት ነበሩ። ቦርሳቸውን በተቻለ መጠን አቅልለዋል። ለሯጭ ደግሞ እያንዳንዱ ግራም ያስጨንቀዋል።

አሁን ዝርዝር ወደሚመስለው ግን ዋናው ወደሆነው ነገር ልግባ። እያንዳንዱ ሯጭ የግድ እንዲይዝ የተጠየቀው ዕቃ ነበር። ጂፒኤስ መከታተያ፣ ፊሽካ፣ የራስ መብራት፣ ያ የሚያብረቀርቅ ፎይል መሳይ የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ እና የመሳሰሉት። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ግን ግዴታ አልነበረም። "ቢያዝ ይመከራል" ነበር የተባለው። ሯጮቹ ቀድሞ የሚላክላቸውን ቦርሳ ለአዘጋጁ ያስረክባሉ፣ ቦርሳው ከመንገዱ ግማሽ አልፎ ባለ ጣቢያ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ሊመሽ ነውና ጃኬት የሚያስፈልገው ያኔ ነው ብለው ብዙዎቹ ጃኬታቸውን እዚያ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ሒሳቡ ስህተት አይመስልም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ዋዜማው ማታ የአየር ትንበያ ክፍሉ ስለ ኃይለኛ ንፋስ ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ቻይና ውስጥ ማስጠንቀቂያው አራት ደረጃ አለው፣ ሰማያዊ ዝቅተኛው ነው። የመሣሪያ ዝርዝሩ ግን አልተቀየረም።

ምን ተፈጠረ

ሩጫው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተጀመረ። መነሻው ላይ ገና ንፋሱ የሰው ቆብ ይወስድ እንደነበር የተረፉት ይናገራሉ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰው መነሻ መስመር ላይ ሆኖ ንፋስን የሚያስበው እንደ ደቂቃ ማጓተቻ እንጂ እንደ አደጋ አይደለም።

ከሁለተኛው መቆጣጠሪያ ጣቢያ እስከ ሦስተኛው ያለው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች 8 ኪሎ ሜትር ወደ 1,000 ሜትር ይወጣል። ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለበት ነው፣ መኪና አይገባም። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ምግብም ትኩስ ውሃም የለም። ይህን ልብ በሉ፦ የመንገዱ ከባድ ክፍል መጠለያም መውጫም የሌለው ክፍል ነው።

እኩለ ቀን አካባቢ የአየሩ ሁኔታ ተገለበጠ። በረዶ ወረደ፣ ቀጥሎ እንደ ውርጭ የሚቀዘቅዝ ዝናብ፣ ከዚያ ሰው የሚያንገዳግድ ንፋስ። ያን ሰዓት ከፍታው ላይ የነበሩት እነማን ናቸው? ፈጣኖቹ። ከኋላ የነበሩት ገና ዝቅ ብለው ስለነበሩ ብዙዎቹ ወደ ኋላ መመለስ ቻሉ። የፊተኞቹ ግን አቀበቱ መሃል ነበሩ፣ ቢመለሱም ሩቅ፣ ቢቀጥሉም ሩቅ። ጉብዝናቸው ነው ክፉው ቦታ ላይ በክፉ ሰዓት ያደረሳቸው።

ከፊት ከነበሩት አንዱ በሕይወት ተርፎ የሆነውን ጽፏል። ንፋሱ ደጋግሞ ከአሥር ጊዜ በላይ ጣለው። እጅ እግሩ ደነዘዘ። ብርድ ልብሱን አውጥቶ ቢጠቀለልበት ንፋሱ ቀማው። የጂፒኤሱን የድረሱልኝ ቁልፍ ተጫነና ራሱን ሳተ። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ ተኝቷል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ውድድሩ እንዲቆም ተደረገ። ፍለጋው ሌሊቱን ሙሉ ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻው ሰው ሲገኝ የሞቱት 21 ደረሱ። ምክንያቱ ገደል አይደለም፣ ናዳም አይደለም። ብርድ ነው። በሜይ ወር፣ በቀን ብርሃን።

ሰውነታቸው ላይ የሆነው

ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ይዘልለዋል፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ምክንያቱም "ሯጭ እንዴት በብርድ ይሞታል፣ እየሮጠ አይደል እንዴ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በ1,000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥር ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ያን አቀበት የጨረሰ ሰው ምንም ዓይነት ማዕበል ሳይመጣ እንኳ 8 ወይም 9 ዲግሪ ውስጥ ነው። ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ንፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች ነው። ይሄ ሁሉ ለደረቅ ሰው ነው። እነሱ ርሰዋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ያስተላልፋል፣ የራሰ ቲሸርት ከለበሰ ሰው ሙቀቱ እንደሚፈስ ውሃ ይሄዳል።

አሁን ሩጫውን አስቡት። ሯጭ የሚሞቀው ስለሚሮጥ ነው፣ ልብሱም የተመረጠው በዚያ ስሌት ነው። አቀበት ላይ፣ ንፋስ እየገፋው፣ እየወደቀ እየተነሳ ሲሄድ ግን መሮጡ ይቀርና መራመድ ይሆናል፣ መራመዱም ይቀርና መቆም ይሆናል። ሰውነቱ የሚያመርተው ሙቀት የሚቀንሰው ብርዱ በሚበረታበት በዚያው ደቂቃ ነው። ምድጃው ሲጠፋ በሩም ተከፈተ ማለት ነው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መጀመሪያ ሰውዬው ይንዘፈዘፋል። ጣቱ አይታዘዝም፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል። ከዚያ ነገር ዓለሙን ይተወዋል፣ "ደህና ነኝ፣ ተዉኝ" ይላል። ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ይሄ ነው ሰውን የሚያሳስተው፣ የተሻለው ይመስላል። አንዳንዱ እንዲያውም ሞቆኛል ብሎ ልብሱን ያወልቃል።

ጣት አይታዘዝም ያልኩትን አስምሩበት። ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ቢኖር እንኳ ዘግይቶ ለማውጣት ለሞከረ ሰው ላይጠቅመው ይችላል።

የተሞከረውና ውጤቱ

የፎይል ብርድ ልብሱ አልሠራም። በንፋሱ ተቦጫጭቋል። ነገሩ መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፣ ንፋስ በሌለበት ቦታ የሰውነትን ሙቀት መልሶ ይይዛል። ክፍት አቀበት ላይ ግን እንደ ሸራ ንፋስ ይሞላዋል፣ በደነዘዘ እጅ ይዞ ማቆየት አይቻልም። ከጃኬት ሥር ቢሆን ይሠራ ነበር። ጃኬቱ ግን የት እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

የድረሱልኝ ቁልፉ ምልክቱን ልኳል። ግን ምልክት መላክና ሰው መድረስ የተለያዩ ናቸው። መኪና በማይገባበት ቦታ አዳኝም በእግሩ ነው የሚወጣው፣ በዚያው ንፋስ ውስጥ። በኋላ ከ1,200 በላይ ሰዎች ተሰማርተዋል፣ ሙቀት የሚለዩ ድሮኖችም ወጥተዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ብርዱ ግን የጠየቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ሰው ነው።

መመለስ ሠርቷል። 24ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ደርሳ ዝናቡ ሲብስ እየተንቀጠቀጠች ፊቷን አዙራ የወረደች ሯጭ አለች። ከዚያ በፊት ሃይፖተርሚያ ደርሶባት ስለሚያውቅ ስሜቱን ለይታዋለች። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማስበው እሷን ነው። ልዩነቷ ጉልበት ወይም ዕቃ አይደለም፣ ያንን ብርድ ከዚህ በፊት ታውቀዋለች፣ በቃ። ለመመለስ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ውድድሩን በተወሰነለት ሰዓት ለጨረሰ ሁሉ 1,600 ዩዋን ይሰጥ ነበር፣ ካቋረጡ የለም። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ሰው ሰማንያ ምክንያት እየደረደረ ወደፊት ለመሄድ እሱም ይበቃዋል።

እረኛው

ከሁሉ የሠራው ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው።

በዚያ ቀን አንድ እረኛ በጎቹን ይዞ እዚያው ተራራ ላይ ነበር። አየሩ ሲለወጥ ወደ ዋሻ ገባ። ዋሻውን ያገኘው በዕድል አይደለም፣ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ብሎ ልብስና ምግብ አስቀድሞ ያስቀመጠበት ነው። ከዋሻው ሆኖ አንድ ሯጭ ቆሞ አየ። ስትራፖ ይዞት መንቀሳቀስ አቅቶታል። ወጥቶ አስገባው፣ እጅ እግሩን አሸው፣ እሳት አነደደ፣ ልብሱን አደረቀለት። ቀጥሎ ሌሎች አራት ሰዎች ዋሻውን አግኝተው ገቡ፣ ውጭ የወደቁ እንዳሉም ነገሩት። ተመልሶ ወጣ። መሬት ላይ የተዘረረ ሰው አገኘ፣ ተሸክሞ አመጣው፣ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ያ ሰው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት፣ ራሱን ስቶ የተኛው ሯጭ ነው። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሰዎች ተረፉ።

በቅንፍ ያህል፦ ዛሬ የሚሰጠው ምክር በጣም የቀዘቀዘን ሰው እጅ እግር አትሹ የሚል ነው። ቀዝቃዛው ደም በአንዴ ወደ ልብ እንዳይመለስ፣ ልብም እንዳትረበሽ። ዋናው ከንፋስ ማስወጣት፣ የራሰውን ማውለቅ፣ ከመሬቱ መለየት፣ ደረትና ብብትን ማሞቅ ነው፣ ንቃት ካለው ደግሞ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት። እረኛው ከማሸቱ በቀር ሁሉንም ሊባል በሚችል ደረጃ አድርጎታል። ማሸቱንም የምወቅሰው ሰው አይደለሁም።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ተራራ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማዕበል። አንዱ ወገን መከታተያ መሣሪያ፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያና የሕክምና ቡድን ነበረው። ሌላው ዋሻ፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ነበረው። እረኛው በየወቅቱ እዚያ ስለሚውል ተራራው በአንድ ቀን ውስጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃል፣ ልብሱንም ያስቀመጠው ከግማሽ መንገድ በኋላ ሳይሆን ብርዱ ሊይዘው የሚችልበት ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ

በዚያው ዓመት ጁን ላይ የምርመራው ውጤት ወጣ። አየሩ በድንገት መበላሸቱን ተቀብሎ፣ አደጋው ግን በአዘጋጆቹ ጉድለት የደረሰ ነው አለ። ከጉድለቶቹ መሃል የንፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ እንኳ ንፋስና ብርድ የሚከላከል ልብስ ግዴታ አለመደረጉ ተጠቅሷል። 27 ባለሥልጣናት ተቀጡ። አገሪቱ የተራራ ሩጫንና መሰል ውድድሮችን አገደች።

ስለ ቅጣቱ የምለው የለኝም። ግን አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። በአውሮፓ፣ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ፣ ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ከተማ ተነስቶ በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ የሚካሄደው ትልቁ የተራራ ሩጫ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት የሌለውን አያስነሳም፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ትንበያው ብርድ ካለ ተጨማሪ ልብስ ግዴታ ይሆናል። በ2010 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሩጫው ከተጀመረ በኋላ በአየሩ ምክንያት አቁመውታል። ትንበያው ወደ ዕቃ ዝርዝር ይለወጣል ማለት ነው። ጋንሱ ላይ ትንበያው ደርሶ ነበር፣ ማንንም ግን ጃኬት አላስለበሰም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በማርች 1964 በአንድ የተራራ የእግር ጉዞ ውድድር ላይ ሦስት ወጣቶች በብርድ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት የራሰና ንፋስ የመታው ልብስ ሙቀት የመያዝ አቅሙን አብዛኛውን እንደሚያጣ ታይቷል። ይሄ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

እኔ ምን ቀየርኩ

መጀመሪያ የቀየርኩት ጥያቄውን ነው። "ጥሩ ጊዜ ነው?" ለሚለኝ ሰው "ከፍተኛው ቦታ ላይ፣ ርሰን፣ ቆመን ብንቀር ምን እንለብሳለን?" እለዋለሁ። መልስ ካለ ጊዜው ጥሩ ነው። በክረምቱ ይሄ ችግር አይደለም፣ ብርድ ሲሆን ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። የሚያስቸግሩኝ የመሸጋገሪያ ወራት ናቸው። ሥሩ ላይ ሞቅ ይላል፣ ጫፉ ላይ ገና አልሞቀም፣ ሰውም የሚለብሰው ለሥሩ ነው።

"ይመከራል" የሚለውን ቃል ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ። ወይ ይያዛል፣ ወይ አይጻፍም። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ተጨቃጭቀናል፣ ሁለት ሰዎችም ተቀይመውኝ ቀርተዋል። ይሁን። የፎይል ብርድ ልብሱንም ትቼ በከረጢት መልክ የተሠራውን ነው የማስይዘው፣ ሰው ውስጡ ስለሚገባ ንፋስ አይወስደውም።

መንገድ ሳይ ደግሞ አስቀድሜ የምፈልገው መውጫ የሌለውን ክፍል ነው። ሁሉም ተራራ አለው። እዚያ ከመግባታችን በፊት እንቆማለን። ሁሉም እዚያው፣ ጣቱ ገና ሲታዘዝ፣ የሚለብሰውን ይለብሳል፣ ሰማዩን እናያለን፣ እንቀጥል ወይስ እንመለስ የሚለው እዚያ ይወሰናል። መሃሉ ላይ ደርሰን አንወስንም፣ መሃሉ ላይ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል መጥፎ ነው። አንድ ሰው እንኳ "ይቅርብን" ካለ ይቀራል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ያቺ ከ24ኛው ኪሎ ሜትር የተመለሰችው ሯጭ ቡድን ውስጥ ብትሆን ኖሮ ስንት ሰው "ትንሽ ቀረን፣ አይዞሽ" ይላት እንደነበር አስባለሁ።

ያልተሳካልኝም አለ። ሰዎች ብርድ ሲሰማቸው እንዲናገሩ ማድረግ አልቻልኩም። ያፍራሉ። በጣም የቀዘቀዘው ሰው ደግሞ ራሱ ደህና ነኝ ባይ ስለሆነ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። አሁን ጥንድ ጥንድ አድርጌያቸው እርስ በርስ እንዲተያዩ፣ በየጊዜውም ጓደኛቸውን ዚፑን ከፍቶ እንዲዘጋ እንዲያስደርጉት እሞክራለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዴ ይሠራል።

መነሻው ላይ ደግሞ "ጃኬት ይዛችኋል?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፣ ሁሉም "አዎ" ስለሚል። አሁን "ለብሳችሁ አሳዩኝ" ነው የምለው። እስካሁን ባለው ልምዴ፣ በሞቃት ቀን፣ ቢያንስ አንድ ሰው ጃኬቱን ሊያመጣ ሳይመለስ የቀረበት ጊዜ የለም፦ ሳቅ ብሎ ወደ መኪናው ይሮጣል።